እውነተኛው ሬትሮ ማኪያቶ ላይ ነው

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ሁለት ወንበር አለ። ኑ ተቀመጡ፣ ጥያቄ አልጠይቅም።

ስለ ሬትሮስፔክቲቭ፣ ባጭሩ ሬትሮ፣ ማለትም ቡድን ሥራውን ወደ ኋላ ዞሮ ስለሚያይበት ስብሰባ እንድናገር ስጋበዝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የወሰድኩት ስልጠና አይደለም። የቢሯችን ደረጃ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቲም ሊድ፣ የሶፍትዌር ቡድን መሪ፣ ከሆንኩ ገና ሁለተኛ ወሩ ነበር። ሰባት ሰው አለኝ። የሁለት ሳምንት ስፕሪንት፣ ማለትም የሥራ ዙር፣ ጨርሰናል። ጨርሰናል ስል ቀኑ አለቀ ማለቴ ነው፤ ሥራውማ ግማሹ አልተነካም። ሐሙስ ማታ ፕሮዳክሽን፣ ደንበኛ የሚጠቀምበት ሲስተም፣ ላይ ያወጣነውን ቨርዥን ዓርብ ጠዋት እየተሯሯጥን መልሰነዋል። በዚህ ሁሉ ላይ ሰዎቹን ስብሰባ ክፍል አስገባሁና፣ እንደተማርኩት፣ "እሺ፣ ምን ጥሩ ነበር? ምንስ መጥፎ ነበር?" አልኩ።

ፀጥ። የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ ብቻ ይሰማል።

አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና "ያው ጥሩ ነው" አለ። ቀጥሎ ያለው "እኔም የእሱን ሐሳብ ነው የምጋራው" አለ። ሦስተኛዋ "ትንሽ ኮሙኒኬሽን ቢሻሻል" አለች። ማን ከማን ጋር እንደሆነ አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በሃያ ደቂቃ ጨረስን። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የተስማማ ቡድን አለኝ ብዬ።

ስልኬን ረስቼ ተመለስኩና ከሁሉም ኋላ ወረድኩ። ከሕንፃው ሥር አንዲት ካፌ አለች። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ስደርስ ድምፃቸው መጣ። ሁሉም እዚያ ናቸው። "ዲዛይኑ የመጣው እኮ ረቡዕ ነው፤ እኛ ሰኞ ጀምረናል።" "የእኔ ኮድ የሚያየው፣ ሪቪው የሚያደርገው አጥቶ አራት ቀን ተቀመጠ።" "ደግሞ ያ የምንሞክርበት ቴስት ሰርቨር! ማን እንደሚያጠፋው እንኳን አይታወቅም።" ያን ቀን ያልተካሄደው ሬትሮ እዚያ እየተካሄደ ነው። ያለ ስላይድ፣ ያለ ቲም ሊድ፣ በማኪያቶ።

ብቅ ስል አዩኝ። "ና፣ ቁጭ በል፣ ምን ይምጣልህ?" ወሬው በአንድ ጊዜ ወደ አርሴናል ዞረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሠራው ሥራ አንድ ነው ብላችሁ እመኑኝ። ያንን የካፌ ወሬ ቢሯችን ወዳለበት አራተኛ ፎቅ ማውጣት። ዛሬ የማወራው እንዴት እንደወጣ ነው። የት የት እንደተንሸራተትኩም ጭምር።

ለአዲሶች በአጭሩ ላስታውስ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠራው። በፌብሩዋሪ 2001፣ አሜሪካ ዩታ ውስጥ፣ ስኖውበርድ በሚባል የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ 17 የሶፍትዌር ሰዎች ተሰብስበው የአጃይል ማኒፌስቶ የሚባለውን የሶፍትዌር አሠራር መግለጫ ጻፉ። አብረውት ከሚነበቡት 12 መርሆዎች የመጨረሻው፣ ቡድኑ በየጊዜው ቆም ብሎ እንዴት የተሻለ መሥራት እንደሚችል ያስብ፣ ከዚያም አካሄዱን ያስተካክል ይላል። ሬትሮ ይኼው ነው። ስክረም በሚባለው የአጃይል አሠራር ውስጥ የስፕሪንቱ መዝጊያ ነው፤ ለአንድ ወር ስፕሪንት ቢበዛ ሦስት ሰዓት ይሰጠዋል። እኛ በሁለት ሳምንት ስለምንሠራ አንድ ሰዓት እንይዛለን። ከዚያ በላይ ከሄደ ሰው በጠረጴዛ ሥር ቴሌግራም መክፈት ይጀምራል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ችግሩ ከስሙ ነው የጀመረው።

እኔ ካሌንደር ላይ ምን ብዬ ጻፍኩ መሰላችሁ? "የስፕሪንት ግምገማ።"

ሳቃችሁ። ገብቷችኋል ማለት ነው። ግምገማ እዚህ አገር ተራ ቃል አይደለም። በኢሕአዴግ ዘመን መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ቃሉን ሲሰማ የሚታየው ነገር አለ። ሰው ይነሳል፣ ባልደረቦቹ ጉድለቱን ይቆጥሩለታል፣ እሱም ጉድለቱን ይቀበላል ወይም ይከራከራል። ከዚያ በፊት የነበሩት ደግሞ ሂስና ግለ ሂስ ይሉታል። ታሪኩን ለታሪክ ሰዎች ልተወው። እኔን የሚመለከተኝ አንድ የቡድኔ አባል ነው። የዳታቤዝ ባለሙያ ናቸው፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መጀመሪያ ቀን ሁለት ገጽ ሙሉ በእጃቸው ጽፈው መጡ። የሠሩት ሥራ ዝርዝር ነው። ቀን በቀን። የዘገየው ነገር በማን ምክንያት እንደዘገየ ጭምር።

በኋላ ለብቻችን ሆነን "ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ለምን አስፈለገ?" አልኳቸው።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ግምገማ ተብሎ የተጠራ ስብሰባ ላይ ባዶ እጁን የሚገባ ሞኝ ነው።"

ልክ ናቸው። እኔ የጠራሁት ለትምህርት ነው፤ እሳቸው የገቡት ለፍርድ ነው። ጥፋቱ የጠሪው ነው።

ስለዚህ ስሙን ቀየርን። እኔ በነገራችን ላይ ለሁሉም ነገር የአማርኛ ቃል ይፈለግ ከሚሉት ወገን ነኝ። እዚህ ላይ ግን ተሸነፍኩ። "ሬትሮ" የሚለው ቃል ምንም ታሪክ የለበትም፣ ማንንም አላስፈራራም፣ ማንንም ከሥራ አላሰናበተም። አንዱ ልጅ "ወደ ኋላ ማያ ከሆነ ለምን ስፖኪዮ አንለውም?" አለ። ስቀን አለፍነው። እስካሁን ካሌንደሩ ላይ "ስፖኪዮ፣ ሐሙስ" ብሎ የሚጽፈው እሱ ብቻ ነው።

ስም መቀየር ግን በር ይከፍታል እንጂ ሰው አያስገባም። ከበሩ ጀርባ ይሉኝታ ቆሟል።

ይሉኝታን ዝም ብዬ ልኮንነው አልፈልግም። በይሉኝታ ነው ጎረቤት ከጎረቤት ጋር የሚኖረው። ግን ሥራ ላይ የሚያደርገውን እዩት። ጁኒየሯ የሲኒየሩ ኮድ ላይ ስህተት አይታለች። ብትናገር ደፋር ትባላለች። ባትናገር ባጉ ደንበኛ ጋ ይደርሳል። ዝም አይነቅዝም ትላለች፤ ዝም ትላለች። የነቀዘውን በኋላ ሁላችንም እናገኘዋለን።

ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል የሃርቫርድ ተመራማሪ አለች። በ1990ዎቹ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠሩ ቡድኖችን ስታጠና፣ ጥሩ ቡድን የመድኃኒት ስህተት ያንሰዋል ብላ ነው የጀመረችው። ያገኘችው ግልባጩን ነው። በደንብ የሚመሩት ቡድኖች የተመዘገበባቸው ስህተት ይበዛል። ግራ ገባት። ቆይታ ስታየው፣ የበዛው ስህተቱ ሳይሆን የሚነገረው ስህተት ሆኖ ነው የተገኘው። ሌሎቹ ይደብቃሉ። እኔ ይኼንን ሳነብ ያ "ያው ጥሩ ነው" የተባለልኝ ሃያ ደቂቃ ነው ፊቴ የመጣው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን እኮ እናውቀዋለን። ቢሮ ስንገባ ነው የምንረሳው።

ታዲያ ይሉኝታን በምን ታልፈዋለህ? "ነፃ ሁናችሁ ተናገሩ" በማለት አይደለም። "ነፃ ሁኑ" የተባለ ሰው ይበልጥ ይጠነቀቃል። እኔ የሠራልኝ ወረቀት ነው።

ስብሰባው ሲጀመር ለሁሉም ስቲኪ ኖት እሰጣለሁ። ሰባት ደቂቃ ማንም አያወራም። አንድ ወረቀት ላይ አንድ ነገር። የሆነ ነገር እንጂ አስተያየት አይደለም። ከዚያ ሰብስቤ እቀላቅልና ሌላ ሰው ያነባል። ይኼን ያህል ነው። አፉን የሚይዘው ሰው እጁን አይይዘውም፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

አንድ ከባድ መስሎኝ የነበረ ነገር ግን ባልጠበቅኩት ቀላል መንገድ ተፈታ። የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች በሙሉ በእንግሊዝኛ ነበር የተጻፉት። ምን ይላሉ? "ኮሙኒኬሽን ጋፕ።" "ቤተር ፕላኒንግ።" "ሞር ቲምዎርክ።" የየትኛውም ኩባንያ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። እንግሊዝኛ ለእኛ የሪፖርት ቋንቋ ነው። የሆነውን ለመናገር ሳይሆን የሚባለውን ለማለት ነው የምንጠቀምበት። በሦስተኛው ሬትሮ "ዛሬ እቤታችሁ በምታወሩበት ቋንቋ ጻፉ" አልኩ። በአማርኛ የጻፈ ጻፈ። አፋን ኦሮሞ የሚቀለው በአፋን ኦሮሞ ጻፈ፤ የሚያነብ ነበረን። "ኮሙኒኬሽን ጋፕ" ወዲያው ጠፋ። በቦታው ምን መጣ? "ረቡዕ ሦስት ጊዜ ደወልኩለት፣ አላነሳም፤ ገምቼ ሠራሁት።" ይኼ ነው ሬትሮ። ቀን አለው፣ ቁጥር አለው፣ የሆነ ነገር ነው።

በዚያው ቀን አንድ ወረቀት ወጣ። የሚያነበው ልጅ አንብቦ ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ጮክ ብሎ፦ "ማክሰኞ ማታ ቴስት ሰርቨሩ ጠፍቶ አደረ። ረቡዕ እስከ ምሳ ሥራ ፈታሁ። ማን እንዳጠፋው መጠየቅ ፈራሁ።"

ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

የክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት የተከራየነው ሰርቨር፣ ሂሳብ በዶላር ነው የሚከፈለው። ዶላር ደግሞ እንዴት እንደሚገኝ ለእናንተ አልነግርም። ቴስት ሰርቨሩን ማታ ማታ እያጠፋሁ ጠዋት መክፈት ጀምሬ ነበር። ለማንም አልነገርኩም፤ ትንሽ ነገር ነው ብዬ። ያን ዕለት ጠዋት ባንክ ሄጄ ስለነበር ሳልከፍተው ቀረሁ። ካፌው ላይ የሰማሁትን "ማን እንደሚያጠፋው አይታወቅም" የሚለውንም፣ ልንገራችሁ፣ ሰምቼ እንዳልሰማ ነበር የሆንኩት።

ጆሮዬ ጋለ። ሁለት መንገድ ነበረኝ። "እሺ ይኼን እናጣራለን" ብዬ ማለፍ እችላለሁ፤ ማንም አያውቅም። "እኔ ነኝ" አልኩ። "ለዶላሩ ብዬ ነው። መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርኩም።"

ቴስተራችን ዓይኗን አፍጥጣ "አንተ ነህ እንዴ!" አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ቢያንስ እንደሳቀ ሰው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥር ደቂቃዎች የወጣው ነገር ከዚያ በፊት በሁለት ወር ከወጣው ይበልጣል። ጋሼ እንኳን የሁለት ገጽ መከላከያቸውን ትተው "አንድ ኢንዴክስ ረስቼ ነው ያ ሪፖርት የተንቀራፈፈው" አሉ።

ከዚህ "መሪ በየሬትሮው ኃጢአቱን ይናዘዝ" የሚል ትምህርት እንዳትወስዱ። የታሰበበት ኑዛዜ ይታወቃል፤ ሰው ተዋናይ ይለያል። እኔ ስለተያዝኩ ነው ያመንኩት። ግን ማመን እንደሚቻል ያዩት ያኔ ነው።

ስለ ኃላፊም እግረ መንገዴን ልናገር። ደመወዝ የሚወስን ሰው ክፍሉ ውስጥ ካለ ሬትሮው ሌላ ነገር ይሆናል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ማኔጀራችሁ ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል። ጥሩነቱ ችግሩን አይፈታውም። እኔም ራሴ መጨረሻ ላይ ነው የምናገረው። መጀመሪያ ከተናገርኩ የሚቀጥለው ሁሉ "የእሱን ሐሳብ እጋራለሁ" ነው።

በ2001 ኖርማን ከርዝ የሚባል ሰው ስለ ሬትሮስፔክቲቭ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ቡድኖች እስከ ዛሬ የሚያነቡት አንድ አቋም አለ። ሐሳቡ ይኼ ነው፦ ምንም ነገር ብናገኝ፣ ሁሉም ሰው በጊዜው በሚያውቀው፣ በነበረው ችሎታና በነበረበት ሁኔታ የቻለውን ሠርቷል ብለን እንነሳ። ግሩም ሐሳብ ነው። በየሁለት ሳምንቱ እንደ ጸሎት ሲደገም ግን ሰው ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። እኔ አንዴ ነግሬያቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ በአነጋገራችን ውስጥ ነው የምፈልገው። እንዴት? በአንድ ቃል። "ለምን" በሚለው።

ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ታይቺ ኦኖ ያስለመደው የአምስት ጊዜ "ለምን" ዘዴ አለ። ችግር ሲገጥምህ አንዴ "ለምን" ብለህ አትቁም፤ ሥሩ ላይ እስክትደርስ ጠይቅ ነው። እኛም ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንላለን፤ ባዕድ አይደለም። ግን አማርኛው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በእኛ ቋንቋ "ለምን" ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ቁጣም ነው። "ለምን ዘገየህ?" "ለምን አትናገሪም ነበር?" ከልጅነታችን ጀምሮ "ለምን" የሚመጣው ከቀበቶ በፊት ነው። አንድን ሰው አምስት ጊዜ "ለምን" ብትሉት ሦስተኛው ላይ ያኮርፋል። አምስተኛው ላይ ሲቪውን ያስተካክላል።

እኛ "ለምን"ን ትተን "ከዚያስ?" ማለት ጀመርን። አያቶቻችን ተረት ሲያወሩ የምንላትን።

አንዱን ላሳያችሁ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ደንበኞች አንድ ዓይነት የጽሑፍ መልእክት ሁለት ሁለት ጊዜ ደረሳቸው። ስልኩ ጮኸ። ሐሙስ ሬትሮ ስንገባ ሁሉም ሰው መልሱን ይዞ ነው የገባው። መልእክት የሚልከውን ፕሮግራም የጻፈው ልጅ ይታወቃል። አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

ነጭ ሰሌዳው ላይ አንድ ረጅም መስመር አሰመርኩ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ። "ማንም አስተያየት አይስጥ። መጀመሪያ የሆነውን እንለጥፍ።" ለጠፍን። ሰኞ ሌሊት መብራት ሄዷል። ከዚያስ? ጀነሬተሩ እስኪነሳ ቢሮ ያለው ሰርቨር ጠፍቶ እንደገና ተነሳ። ከዚያስ? መልእክት የሚልከው ፕሮግራም ግማሽ መንገድ ላይ ነበር፤ ሲነሳ ከ"ሀ" ጀመረ። የት እንደደረሰ አይመዘግብም ማለት ነው? አይመዘግብም። ይኼንን የሚያውቅ ሰው ነበር?

ያ አንገቱን የደፋው ልጅ ቀና አለ። "ቲኬት ከፍቼለት ነበር።" ቲኬት የምንለው የሚሠራ ሥራ የሚመዘገብበትን ማስታወሻ ነው።

ፈለግነው። ከሦስት ወር በፊት የከፈተው ቲኬት እዚያው ተቀምጧል። በየዕቅዱ ስብሰባ ታይቷል፣ በየዕቅዱ ስብሰባ ታልፏል። ያለፍነው ሁላችንም ነን። ቲኬቱ ላይ የደንበኛ ስም የለበትም፤ ደንበኛ ያልጮኸበት ቲኬት እኛ ጋ ድንጋይ እንደታሰረበት ይሰምጣል።

"ለምን እንዲህ አድርገህ ጻፍከው?" ብለን ብንጀምር ኖሮ የምናገኘው ይቅርታ ነበር። ይቅርታ ደግሞ መብራት ሲሄድ አይሠራም። ያን ቀን ያገኘነው ሌላ ነው፦ ችግሩ ኮዱ ላይ ሳይሆን ቲኬት የምንመርጥበት መንገድ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በየስፕሪንቱ ደንበኛ ያልጮኸበት አንድ አሮጌ ቲኬት ይገባል። የምትመርጠው ቴስተራችን ናት። ማንም አይከራከራትም፤ እኔም።

ይኼ ወደ ውሳኔ ይወስደኛል። ብዙ ሬትሮ የሚሞተው እዚህ ጋ ነው፤ ስንወስን ሳይሆን ስንጽፍ። የስብሰባ አማርኛ የሚባል ነገር አለን። "ትኩረት ይሰጠዋል።" "ሊሻሻል ይገባል።" "አቅጣጫ ተቀምጧል።" እስቲ ግሶቹን ተመልከቷቸው። አንዳቸውም ሠሪ የላቸውም። ማን ነው ትኩረት የሚሰጠው? አቅጣጫውን ማን፣ የት ነው ያስቀመጠው? ተቀምጦስ ማን ያነሳዋል?

አንዱ ያለፈ ሬትሮ ማስታወሻችን ላይ 11 ውሳኔ ቆጠርኩ። ስንቱ ተሠራ? አንድ። እሱም አዲስ ማርከር መግዛት ነበር።

አሁን ሕጋችን አጭር ነው። ከአንድ ሬትሮ አንድ ውሳኔ። በጣም ከበዛ ሁለት። "እኔ" ብሎ የሚጀምር፣ ቀን ያለው። "ኮድ ሪቪው ይፋጠናል" አይባልም። "እኔ ጠዋት ከስታንድአፕ፣ ከአጭሩ ስብሰባችን፣ በኋላ፣ የራሴን ሥራ ሳልከፍት፣ አንድ ሰው የላከውን እሪቪዋለሁ፤ እስከሚቀጥለው ሐሙስ እንሞክረው" ይባላል። "እሪቪዋለሁ" የሚለው አማርኛ መሆኑን አላውቅም፤ ግን ባለቤት አለው። የሚቀጥለው ሬትሮ ደግሞ ያንን ውሳኔ በማንበብ ይጀምራል። ተሠርቶ ከሆነ ጥሩ። ካልተሠራ አንቆጣም፤ ምናልባት ውሳኔው ትልቅ ነበር፣ እናሳንሰዋለን። አንዳንዴ "ይኼ አልጠቀመንም" ብለን እንጥለዋለን። መጣልም ውሳኔ ነው።

የሬትሮ ጨዋታዎቹን ትጠብቁ ይሆናል። ጀምር፣ አቁም፣ ቀጥል። የተናደድኩበት፣ ያዘንኩበት፣ የተደሰትኩበት። ሁሉም ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፤ ስለዚህ አልዘረዝርም። አንዱ ብቻ ያስቀኛል። ጀልባ ሥላችሁ፣ ነፋሱ የሚገፋችሁ፣ መልሕቁ የሚጎትታችሁ የሚባለው። ከቡድኔ ውስጥ የሸራ ጀልባ በዓይኑ ያየ አንድም ሰው የለም። መልሕቁን ረጅም ሰዓት ነው ያስረዳሁት። በሚቀጥለው ሚኒባስ ሣልን። ነዳጁ ምንድን ነው፣ ጉድጓዱ የት ነው፣ ከአቅም በላይ የተጫነው ምንድን ነው። ከበሩ ጎን ደግሞ "ወራጅ አለ" የሚል ዓምድ። ከዚህ በኋላ ከእኛ ጋር መሄድ የሌለበት ነገር እዚያ ይለጠፋል። መጀመሪያ የወረደው የሰኞ ጠዋት የሁኔታ ሪፖርት ነበር። ለወራት ስንጽፈው የቆየን ነው፤ ማንም እንደማያነበው ያኔ አረጋገጥን። ሥዕሉ ሰው ያስቃል፣ የሳቀ ሰው ይናገራል። ከዚያ በላይ አትጠብቁበት። ፍርሃት ያለበትን ክፍል ሚኒባስ አያድነውም።

ከርቀት የሚሠራ ሰው ካላችሁ አንድ ምክር። እኛ ቡድን ውስጥ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሆነው የሚሠሩ ሁለት ልጆች አሉ። የመጀመሪያውን የጋራ ሬትሮ "ሐሙስ 10 ሰዓት" ብዬ በቴሌግራም ጻፍኩ። እኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ተሰብስበን ጠበቅን። አንዱ እዚያ ተወልዶ ያደገ ነው፤ በእሱ ሰዓት ጠዋት 10 ላይ ገባ። ያኔ እኛ ጋ ከ11 ሰዓት በኋላ ሆኗል፣ ግማሹ ሰው ታክሲ ተራ ነው። ሰዓታቸው በበጋና በክረምት ስለሚቀያየር ደግሞ በመካከላችን ያለው ልዩነት አንዴ 7፣ አንዴ 8 ሰዓት ይሆናል። ካሌንደሩ ራሱ ይላክላቸው፤ በእጃችሁ አትጻፉ። ኔትወርክ ስለሚቆራረጥም የጽሑፉ ክፍል ከስብሰባው በፊት ይጠናቀቅ። ሰባቱን ደቂቃ ዝምታ በቪዲዮ ማየት በጣም ይጨንቃል።

አሁን ደስ የማይለኝን ልናገር።

ነገሩ ሁሉ ተስተካክሎ፣ ሰው መናገር ለምዶ፣ አንድ ሐሙስ አንዱ ልጅ "ሥራው ሰለቸኝ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ልቤ እዚህ አልነበረም" ብሎ ጻፈ። ስሙንም ጻፈበት። ትልቅ እምነት ነው። አወራን፣ ሥራ ቀያየርንለት፣ ጥሩ ወጣን። በሳምንቱ ኃላፊዬ ስለ ቡድኑ ሲጠይቀኝ፣ በቅንነት፣ ልጁን ለመርዳት ብዬ፣ ነገርኩት። ኃላፊው በቀጥታ ልጁን ጠራና "ሰለቸህ አሉኝ፤ ምነው?" አለው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሰባት ስቲኪ ኖት ሰበሰብኩ። "ጥሩ ነበር።" "ምንም የለም።" አንዱ ባዶ ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ራስ እንደተመለጠ በደንብ ነው ያወቅኩት። ልጁን ለብቻው ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ከዚያ በሁሉም ፊት። "ችግር የለውም" አለኝ። "ችግር የለውም" ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሦስት ወር ፈጀ። ሦስት ወር ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ ያው ወረቀት፣ ያው ዝምታ። ሬትሮውን ልተወው አስቤ ነበር። አልተውኩትም፤ ግን ወደ ግማሽ ሰዓት አሳጠርኩት፤ ስለ ሰው መጠየቅ አቆምኩና ስለ ዕቃ ብቻ መጠየቅ ጀመርኩ። ስለ ሰርቨር፣ ስለ ቲኬት፣ ስለ ቴስት። ሰርቨር አይከፋውም። አንድ ነገር ደግሞ ጨመርኩ። ከክፍሉ ከመውጣታችን በፊት "ከዚህ ውስጥ ወደ ላይ የሚሄደው የትኛው ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። የፈቀዱት ብቻ ይሄዳል። የሚላከውን ዓረፍተ ነገር አብረን እንጽፈዋለን፣ ያነቡታል፣ ከዚያ እልከዋለሁ። ቀስ በቀስ ስለ ሰርቨር የተጀመረው ወሬ ወደ ሰው ተመለሰ። መቼ እንደተመለሰ ቀኑን አልያዝኩትም።

ባለፈው ሐሙስ ከሬትሮ በኋላ እንደ ልማዴ ማርከሩን ከድኜ፣ ሰሌዳውን ፎቶ አንስቼ፣ ከሁሉም ኋላ ወረድኩ። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ድምፃቸው መጣ። አርሴናል ነው። ሲያዩኝ ነው የቀየሩት ብዬ ልወስድ ነበር፤ ግን ገና አላዩኝም። እዚያው መታጠፊያው ላይ ቆሜ ትንሽ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። ዳኛውን እየረገሙ ነበር። ስለ ሥራ ያነሳ የለም።

ወረድኩና ማኪያቶ አዘዝኩ።